የዋና ገንዳ ፓምፕ ላይ ዩኒየኑን የት ላስገባው?

ቢሾፍቱ፣ ትንሽ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ጥገና እሠራለሁ። የዋና ገንዳው ፓምፕ ባለፈው ሳምንት ያለ ውሃ ሲሠራ አደረና በመምጠጫው በኩል ያለው ባለ ጥርስ የፒቪሲ መግጠሚያ በሙቀት ተኮማተረ። አሁን አየር ይስባል፤ በፓምፑ ክዳን ሥር አረፋው ሲንተከተክ ይታያል። ቴፍሎን ደጋግሜ ጠመጠምኩ፣ ሲሊኮንም ቀባሁ። አንድ ቀን ይይዝና ይለቃል።

መቁረጤ ካልቀረ በሁለቱም በኩል ዩኒየን (ቧንቧው ሳይቆረጥ የሚፈታ መጋጠሚያ) ላስገባ ወሰንኩ። መጀመሪያውኑ አለመግባቱ ነው የሚያናድደው! በመግፊያው በኩል ቦታ ሞልቷል። በመምጠጫው ግን ከፓምፑ እስከ ጎሚቶው (የቧንቧው መታጠፊያ) 9 ሳንቲም ብቻ ነው ያለኝ። ቧንቧው ባለ 63 ሚሊ ስለሆነ ሙጫ ተቀብቶ የሚገባው ክፍል ብቻ በየጎኑ 4 ሳንቲም ገደማ ይበላል። ዩኒየኑን ከጎሚቶው በታች፣ በቁሙ ቧንቧ ላይ ባደርገው አየር ሳይስብ ይይዝልኛል ወይስ ጎሚቶውን ቆርጬ ከፓምፑ ላርቀው?