የመልስ ዕለት የፈረምኩት የጋብቻ ውል ይፈርሳል?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው። ስንጋባ «አዘዞ ያለው ቦታም ሆነ የሚሠራበት ቤት የባል የግል ነው» የሚል የጋብቻ ውል ፈርሜያለሁ። ቦታው ድሮም የሱ ነበር፣ አልክድም። ቤቱ ግን ከተጋባን በኋላ ነው የተሠራው፣ ቆርቆሮው የተመታው በእኔ እቁብ ነው። አሁን ልንፋታ ነው፣ እሱም «ፈርመሻል እኮ» ይለኛል። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ይፈርሳል?

ጠበቃው ከፒያሳ፦
እህቴ፣ «ሳላነብ» ብቻውን ብዙ አያራምድሽም። መጀመሪያ ወረቀቱን ገልብጪና ፊርማ ቁጠሪ። የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ አራት ምስክር ይፈልጋል፣ ሁለት በባል፣ ሁለት በሚስት በኩል። ያ ከጎደለ ዋጋ የለውም። ተገድጄ ወይም ተታልዬ ነው ካልሽ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 ምክንያቱ ከቀረ በኋላ የሚሰጥሽ 2 ዓመት ብቻ ነው። ከተጋባችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?

የድሮ ሰው፦
በእኛ ጊዜ ሰማንያ ሲፈረም ሽማግሌ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር። ልጄ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ፍርድ ቤት አትሂጂ።

የአዘዞዋ፦
ጋሼ፣ ሽማግሌ ሦስቴ ተቀምጧል፣ ሁሉም የሱ ዘመዶች ናቸው። ጠበቃው፣ 6 ዓመት ሆነን። ምስክሮቹም አራት ናቸው፣ በእኔ በኩል አጎቴና ሚዜዬ። ብቻ አንድ ነገር አለ፦ የፈረምነው የመልስ ዕለት ማታ ነው፣ ቀኑ ግን ከሠርጉ በፊት ተደርጎ ተጽፏል።

ጠበቃው ከፒያሳ፦
ኧረ እሱን ነበር ቀድመሽ መናገር! የጋብቻ ውል ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው የሚደረገው። በመልሱ ዕለት እኮ ባልና ሚስት ናችሁ። ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ የሚዋዋሉት ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፣ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 73 ላይ አለ። እኛ ክልል የሚሠራው ግን የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ስለሆነ አቤቱታሽ ላይ የምትጠቅሽው እሱን ነው። ከባዱ ቀኑን ማስረዳት ነው። አጎትሽ ይመሰክራል? ውሉ ከወደቀ በትዳር ውስጥ የተፈራው የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ የግሌ ነው ባዩ ያስረዳ። ቦታው ላይ ግን ክርክር አይቀርልሽም። የእቁቡን ዳኛና የቆርቆሮውን ደረሰኝ ያዢ።

የአዘዞዋ፦
አጎቴ ይመሰክራል። የመልሱ ቪዲዮም እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ አለ። ካባዬን እንደለበስኩ እስክሪብቶ ሲያቀብሉኝ ይታያል።