ከአስፋልት ስር የተቀበረው ሴንሰር የቤዝኮርሱን እርጥበት በግማሽ አሳንሶ ያነባል

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ መንገድ ስር ያለውን እርጥበት በቲዲአር ሴንሰር (የኤሌክትሪክ ምት በዘንጎቹ ላይ የሚጓዝበትን ጊዜ ለክቶ እርጥበትን የሚገምት መሣሪያ) እየተከታተልኩ ነው። አንዱ ሴንሰር ሸክላማ ሳብግሬድ (መንገዱ ያረፈበት አፈር) ውስጥ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ዝናብ ሲጥል ይጨምራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያስቸገረኝ ከአስፋልቱ በታች፣ የተፈጨ ድንጋይ ቤዝኮርስ ውስጥ ያለው ነው።

ይሄኛው በይዘት (በቮልዩም) 6 በመቶ ይላል። ከአጠገቡ ናሙና አውጥቼ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ውስጥ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደረቅኩት። በክብደት 5.5 በመቶ ወጣ። ደረቅ ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.2 ግራም ስለሆነ፣ በይዘት 12.1 በመቶ ይመጣል። እጥፍ ነው! የቤዝኮርሱ ጥንካሬ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ፣ ልዩነቱን እንዲሁ ማለፍ አልችልም።

ኬብሉንና ማገናኛውን አይቻለሁ፣ ችግር የለባቸውም። ተመሳሳይ መለዋወጫ ሴንሰር ውሃ ውስጥ ስነክር ዳይኤሌክትሪኩን (ውሃ ሲበዛ ከፍ የሚለውን፣ እርጥበቱ የሚሰላበትን የኤሌክትሪክ ባሕርይ) ወደ 80 ያነባል፤ ትክክል ነው።

ጥርጣሬዬ ሁለት ነው። ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ በሴንሰሩ ዘንጎች ዙሪያ አየር ቀርቶ ይሆናል። የአየር ዳይኤሌክትሪክ 1 ብቻ ስለሆነ ትንሽ ክፍተት እንኳ ንባቡን ወደ ታች ይጎትታል። ሌላው ቀመሩ ነው። የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን፣ ዳይኤሌክትሪክን ወደ እርጥበት የሚቀይረውን የቶፕ ቀመር ሲሆን፣ እሱ የተሠራው ደቀቅ ባሉ አፈሮች ላይ ነው።

አስፋልቱን እንደገና መቁረጥ አይፈቀድልኝም። ያንኑ ድንጋይ በዚያው ዴንሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ጠቅጥቄ የራሱን ካሊብሬሽን ባወጣለት፣ የተቀበረውን ሴንሰር ንባብ ማረም ይቻላል ወይስ የአየር ክፍተት ካለ ንባቡ ጭራሽ አያገለግልም?