ክርክር፦ 20,000 ዶላር የሚሸጠው የቤት ሮቦት የአረብ አገር እህቶቻችንን እንጀራ ይዘጋል?

ቡልቡላ፦
እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። ዛሬ እንከራከር። መነሻው ኖርዌይ የሆነ፣ አሁን ካሊፎርኒያ ያለ ዋንኤክስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ኒዮ ለተባለ ሰው መሳይ የቤት ሮቦት ቅድመ ትዕዛዝ መቀበል ጀምሯል። ዋጋው 20,000 ዶላር፣ ካልሆነም በወር 499 ዶላር። መጀመሪያ የሚደርሰው ለአሜሪካ ነው። ልብስ ያጥፋል፣ ሳህን ያነሳል፣ በር ይከፍታል ይላሉ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ይሄ ነገር ሪያድና ዱባይ ሲገባ የእህቶቻችን ስራ አበቃለት ወይ? እኔ አዎ ባይ ነኝ፣ 10 ዓመት አይሞላም። መንግስትም ሴቶችን ለቤት ስራ አሰልጥኖ ከመላክ ሌላ መላ ቢፈልግ ይሻለዋል። በሉ ውረዱብኝ።

የሻርጃዋ፦
ወንድሜ የሰው ቤት ሰርተህ ታውቃለህ? እኔ ያለሁበት ቤት ሶስት ልጆችና አንዲት አቅመ ደካማ አሮጊት አሉ። አሮጊቷን ከአልጋ አንስቼ አጥባለሁ፣ ትንሹ ሲያለቅስ ርቦት ይሁን ጥርስ እያወጣ ከድምፁ እለያለሁ፣ በመሃል ሩዙ እንዳያርብኝ እሮጣለሁ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ማዳም ከፎቅ ስሜን እየጠራች ነው። ሮቦቱ ልብስ ይጠፍልኝ፣ እሰየው። ሂሳቡንም ልንገርህ። ደሞዜ 1,200 ድርሃም ነው። 499 ዶላር ማለት ደግሞ 1,830 ድርሃም ገደማ። ማዳም ለሳሙና የምትከራከር ሴት ናት፣ ለማሽን ከእኔ አስበልጣ የምትከፍል አይመስለኝም።

ቡልቡላ፦
ሂሳብ ካነሳሽ አይቀር ኤጀንሲው፣ ቪዛው፣ ትኬቱ፣ ቀለቡም አለ። ዋጋ ደግሞ ይወርዳል። ዩኒትሪ የሚባለው የቻይና ድርጅት በ2024 ጂ ዋንን በ16,000 ዶላር አወጣ፣ በ2025 ደግሞ አር ዋን የተባለውን በ6,000 ዶላር ገደማ ይዞ መጣ። አንድ ዓመት ነው ልዩነቱ!

ቆራሌው፦
ዩኒትሪን እዚህ አታምጣው። አር ዋን ይሮጣል፣ ይገለበጣል፣ በእጁ ይቆማል፣ ግን ርካሹ ሞዴል ጣት እንኳ የለውም። ያለ ጣት ምን የቤት ስራ አለ? እኔ ቤቴ አንድ ክንድ ገጣጥሜያለሁ። ሃጊንግ ፌስ የሚባለው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ድርጅት ዲዛይኑን በነፃ የለቀቀው ኤስኦ 100 የሚባለውን፣ አካሉ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተም፣ በስድስት ትናንሽ ሞተር የሚንቀሳቀስ። ሞተሩን ዘመድ በሻንጣ አመጣልኝ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከምናለሽ ተራ ለቀምኩ። እርሳስ አንስቶ ኩባያ ውስጥ ይከታል፣ ጎበዝ ነው። ካልሲ ስሰጠው ይደናበራል። እርሳስ ቅርፁ አይለወጥም፣ ጨርቅ ግን በተነካ ቁጥር ሌላ ቅርፅ ይይዛል፣ ካሜራው ቅድም ያየው ነገር አሁን የለም። ሰው ይሄን የሚወጣው በጣቱ ቆዳ ነው፣ እያየ ብቻ አይደለም። ሩምባ የተባለውን ወለል ጠራጊ ሮቦት የሚሰራውን ድርጅት ከመሰረቱት አንዱ የሆነው ሮድኒ ብሩክስም በ2025 የተከራከረው በዚሁ ነው፣ የመንካት ስሜት የሌለበት ቪዲዮ እያሳዩ የእጅ ሙያ ማስተማር አይቻልም ነው የሚለው።

ኒዮን ራሱን እንየው ካላችሁ፣ የዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኛ ስትሞክረው ሶስት እቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ለማስገባት 5 ደቂቃ ገደማ ፈጅቷል። ያውም ራሱ አልሰራውም። ከጀርባ ሆኖ የሚነዳው ሰው ነበር። ድርጅቱም አልደበቀም፣ ሮቦቱ ያልቻለውን ስራ በሩቅ ያለ ባለሙያ ይሰራላችኋል ብሎ ነው የሚሸጠው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የማላውቀው ሰው በሮቦት ዓይን ሳሎኔን ሊያይ ነው? ሰው አደብዝዝ፣ እዚህ ክፍል አትግባ ብሎ ማዘዝ ይቻላል አሉ። ይሁን። ግን በ2020 ከሙከራ ሩምባዎች የተነሱ ፎቶዎች፣ ሽንት ቤት የተቀመጠች ሴት ሳትቀር፣ ቬንዝዌላ ባሉ ፎቶ ለይተው በሚሰይሙ ሰራተኞች በኩል ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። ፈቃደኛ ሞካሪዎች ናቸው ብሎ ድርጅቱ መልስ ሰጥቷል። ፈቃደኛዋ ሴትዮ ይሄን ፈቅዳለች ወይ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ ስጋትዎ ልክ ነው። እኔ ግን ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ነጂው የት ነው የሚቀመጠው? ቶኪዮ ውስጥ የሱቅ መደርደሪያ ላይ መጠጥ የሚደረድሩ ሮቦቶች አሉ፣ ጣሳ ሲያመልጣቸው የሚያነሳላቸው ማኒላ ተቀምጦ ሮቦቱ የሚያየውን የሚያሳይ መነፅር ያጠለቀ ፊሊፒናዊ ነው። እዛው ቶኪዮ በ2021 በተከፈተው ካፌ ደግሞ ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ቤታቸው ሆነው በሮቦት ያስተናግዳሉ። እህቶቻችን አዳማ ቁጭ ብለው የሪያድን ቤት ቢሰሩስ? ፓስፖርት የሚቀማ የለም፣ በር የሚቆልፍ የለም። ፓስፖርት ከመቀማትና ሮቦት ከመንዳት የቱ ይሻላል?

ቡልቡላ፦
መብራት ጠፍቶ ሮቦቱ የማዳምን ልጅ እንዳቀፈ ቢቆምስ 😂

የሻርጃዋ፦
እየሳቅኩ ነው ግን ሀሳቡ ገብቶኛል። የኔ ልጅ እናቴ ጋ ነው ያለው። ቤቴ ሆኜ ብሰራ ማን ይጠላል። ክፍያው ግን የማን አገር ክፍያ ይሆናል? የሪያድ ነው ካላችሁኝ ነገ እመዘገባለሁ። የአዳማ ከሆነ ሰው ቤት ጉልበቴን፣ እዚህ ደግሞ ዓይኔን መሸጤ ነው።

ቆራሌው፦
ክፍያው ብቻ አይደለም። ነጂው ሲሰራ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ትቀረፃለች፣ ሮቦቱ የሚማረው ከእሷ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ያወጡት ሞባይል አሎሃ የተባለ ሮቦት ላይ ለአንድ ስራ 50 ጊዜ ያህል ሰው እየመራ ካሳየው በኋላ አንዳንዱን ራሱ መስራት ጀምሯል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አዳማ ያስቀመጥሻት ልጅ ተተኪዋን እያሰለጠነች ነው።

ቡልቡላ፦
አላልኩም? 10 ዓመት!

የሻርጃዋ፦
አንተ ደግሞ አትቸኩል። በጁን 2020 ቤይሩት ያሉ እህቶቻችንን አሰሪዎቻቸው ቆንስላችን በር ላይ ሻንጣቸውን እየወረወሩ ጥለዋቸው ሲሄዱ ሮቦት የገዛ አልነበረም። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፣ ጣሏቸው፣ አለቀ። በአሰሪው እጅ ያለው መኖሪያ ፈቃድ እስካልተነካ ድረስ ማሽን መጣ አልመጣ ለእኔ ያው ነው። እሱን አንድ ሰው አላነሳም።

ጡረተኛው፦
አንቺ አነሳሽው ልጄ። መልካም አድርገሻል።

የሻርጃዋ፦
እሺ ጋሼ። ቆራሌው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ 50 ጊዜ ማሳየት ለብቻው ይከፈልበታል?

ቆራሌው፦
ለቀረፃው ለብቻው ሲከፈል ሰምቼ አላውቅም።