ከኢንተርኔት የቀዳሁትን ኮድ ራሱ የሚያስተካክልልኝ ነገር አለ?

የማታ_ኮደር

ሰላም ወገኖች። የምሠራው በፓይተን ነው፤ ብዙ የሲኤስቪ ፋይል አንብቤ ሪፖርት አወጣለሁ። ግማሹ ኮዴ ፕሮግራመሮች ከሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ ከስታክ ኦቨርፍሎው፣ የተቀዳ ነው፤ አልደብቅም። ግን ቀድቼ ለጥፌ ወዲያው የሚሠራልኝ ስንቱ ነው? አንዱ የፓይተን 2 ዘመን ነው፣ ፕሪንቱ ቅንፍ የለውም። አንዱ ኢምፖርቱን ትቶታል። ሌላው የሠንጠረዥ ላይብረሪውን የፓንዳስን አፔንድ (ረድፍ መጨመሪያውን) ይጠራል፤ እሱ ደግሞ ከ2.0 ጀምሮ የለም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የለጠፍኩትን ኮድ ራን የሚያደርግ ትንሽ ስክሪፕት እጽፋለሁ። ኤረሩን አንብቦ ለኤአይ ሞዴል ይልካል፣ የተስተካከለውን ተቀብሎ እንደገና ራን ያደርጋል። ኤረሩ እስኪጠፋ ይዞራል። የሞከረው አለ? ወይስ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ?

ሊንተር_ወዳጅ

ከኤአይ በፊት ሩፍን ሞክር፤ የፓይተን ኮድን ሳያስሮጥ የሚፈትሽ ሊንተር ነው። የማያስፈልግ ኢምፖርት ያወጣል፣ አሮጌ አጻጻፍ ያድሳል። ማስተካከያዎቹን ሴፍና አንሴፍ ብሎ ይለያቸዋል፤ ካላዘዝከው አንሴፎቹን አይነካም። የጎደለ ኢምፖርት ግን አይጨምርልህም፣ ስሙ እንደማይታወቅ ብቻ ይነግርሃል። እሱን ኤዲተርህ ይሠራዋል።

የፓይተን 2 ኮድ ከሆነ ሩፍም አያነብልህም። ድሮ ቱ ቱ ትሪ የሚባል መቀየሪያ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከ3.13 ጀምሮ ተነሥቷል። እንደ እኔ ከሆነ የፓይተን 2 መልስ አትቅዳ። አዲስ መልስ ከሥሩ ይኖራል፣ ወረድ ብለህ እይ።

ጋሽ_ሪቪው

ልጄ፣ «ኤረሩ እስኪጠፋ ይዞራል» ያልካት ነገር አላማረችኝም።

ኤረር አጥፋ ብለህ ካዘዝከው ያጠፋዋል። እንዴት እንደሚያጠፋው ግን አልነገርከውም። የያመልን ነገር ልንገርህ፤ ያመል የሴቲንግ ፋይሎች የሚጻፉበት ፎርማት ነው። በድሮ መልሶች ውስጥ ያመል ሎድ በአንድ አርጉመንት ብቻ ሲጠራ ታያለህ። ያመልን በፓይተን የሚያነበው ላይብረሪ፣ ፓይያመል፣ 6.0 ላይ ይህ አይሠራም፤ ሎደር የሚባል አርጉመንት ጎድሏል ይልሃል። ስክሪፕትህ ይህን ያነብና ሎደር የሚባለውን ክላስ ይሰጠዋል። ኤረሩ ጠፋ፣ ዙሩም ቆመ። ግን ያ ክላስ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ማሽንህ ላይ እንዲሮጥ ይፈቅዳል። አርጉመንቱ ግዴታ የተደረገው አንተ ቆም ብለህ እንድትመርጥ ነበር! ትክክለኛው ሴፍ ሎድ ነው። ከኤረሩ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት ኤረርም እንደዚያው ነው። ቬሪፋይን ፎልስ አድርገው፣ ኤረሩ ወዲያው ይጠፋል፤ የሳይቱን ማንነት ማረጋገጡም አብሮ ይቀራል። ወይም ሁሉንም ነገር ትራይ ውስጥ ከትቶ ኤክሰፕቱ ላይ ፓስ መጻፍ፣ ማለትም ኤረር ሲመጣ ዝም ብሎ ማለፍ። ሪቪው ላይ ይህንን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ የጻፈው ሰውም ይሁን ማሽን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄንፕሮግ የሚባል ራስ-ሰር ባግ ጠጋኝ ወጣ። ኮዱን እየቀያየረ ቴስቶቹ ሁሉ የሚያልፉበትን ቅርጽ ይፈልጋል። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች የዚህንና የመሰሎቹን ጥገናዎች አንድ በአንድ መረመሩ። አብዛኞቹ ሥራውን ከመሰረዝ የማይለዩ ሆነው ተገኙ። ቴስቱ ያልፋል፣ ፕሮግራሙ ግን የሚሠራውን ትቷል።

ሌላው ጣጣ ጭራሽ ኤረር የማይሰጠው ስህተት ነው። የባይት ብዛትን ወደ ኪሎባይትና ሜጋባይት የሚቀይር የጃቫ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2010 ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ተለጠፈ፤ እጅግ ከተቀዱት አንዱ ሆነ። በ2019 ጸሐፊው ራሱ ስህተት እንዳለበት ጻፈ። 999,999 ባይት ስትሰጠው 1.0 ሜጋባይት በማለት ፈንታ 1000.0 ኪሎባይት ይልሃል። ያንተ ስክሪፕት እዚህ ምን ያነባል? ራን አድርጎ፣ ኤረር አጥቶ፣ «ጨርሻለሁ» ነው የሚልህ።

መሣሪያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጃቫ ላይ የቀን ፎርማት ውስጥ ዓመትን በትልቁ ዋይ የሚጽፉ አሉ። ትልቁ ዋይ ሳምንቱ የሚቆጠርበትን ዓመት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ዲሴምበር 31 ቀን 2024ን 2025 ይለዋል። ኤረር ፕሮን የሚባለው የጃቫ ኮድ ፈታሽ ይህን ያውቃል፤ ትንሹን ዋይ ተጠቀም ይልሃል። የሚያውቀው ግን ስህተቱን ቀድሞ የተረዳ ሰው ደንብ ስለጻፈለት ነው። በተጻፈ ደንብ የሚሠራን ጥገና እመነው። የሚገምተውን ግን ዲፉን፣ ማለትም የተቀየሩትን መስመሮች፣ ሳታነብ አትቀበለው።

የማታ_ኮደር

ጋሼ፣ የያመሉ ነገር ገብቶኛል። ግን 10 መስመር ለማትሞላ ኮድ ቴስት ጻፍ ሊሉኝ ነው? እሱን ከጻፍኩ ኮዱንም ራሴ ብጽፈው አይሻልም?

ጋሽ_ሪቪው

ትልቅ ቴስት ማን አለህ? መልሱን በእጅህ የምታውቀው አንድ ግብዓት፣ ሌላ ደግሞ ጠርዝ ላይ ያለ። ላንተ ሪፖርት ሦስት ረድፍ ያለው ፋይልና ጭራሽ ባዶ ፋይል ይበቃሃል። ስንት ረድፍ መውጣት እንዳለበት በአሰርት (ውጤቱ ካልገጠመ ኤረር በሚሰጥ መስመር) ጻፈው፣ ከዚያ ሞዴሉ የፈለገውን ይሞክር። አሰርቱን የያዘውን ፋይል ግን እንዳይነካ ከልክለው። ካልከለከልከው አሰርቱን ነው የሚያስተካክልልህ።

አፔንዱንም ሰው ሆነህ እየው። ሠንጠረዦችን በሚያገጣጥመው በኮንካት ተካው ይሉሃል፣ ልክ ነው። ሉፕ ውስጥ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ዙር ሙሉውን ሠንጠረዥ እየገለበጠ ፋይልህ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። በዝርዝር ሰብስበህ መጨረሻ ላይ አንዴ ኮንካት አድርግ። ኤረር ብቻ የሚያይ ማሽን ይህን አያመጣልህም።

ሰሚ_ዴቭ

አንድ ልጨምር። ከየት እንደቀዳኸው ሊንኩን ኮሜንት አድርገህ አስቀምጥ። ፈቃዱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ስለሆነ ምንጭ መጥቀስ ግዴታም ነው፣ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው። ያ የባይቱ መልስ ታርሟል፤ ሰዎች ፕሮጀክት ውስጥ ያሉት ቅጂዎች ግን ራሳቸውን አያርሙም። ሊንኩ ካለህ ተመልሰህ ታያለህ።

ደግሞ ማንም ሳያነበው ራን የሚሆን ኮድ ነው እየሠራህ ያለኸው! የተቀዳው ውስጥ ፎልደር የሚሰርዝ መስመር ቢኖርስ?

የማታ_ኮደር

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ኮንቴይነር (ከማሽኔ የተነጠለ ማስሮጫ) ውስጥ አስገብቼ ኔትወርኩን ልዘጋው። የሲኤስቪ ፎልደሩን ግን ማየት አለበት፣ እሱን ምን ላድርገው?

ሰሚ_ዴቭ

ሪድ ኦንሊ (ማንበብ ብቻ) አድርገህ ማውንት አድርገው፣ ማለትም ከኮንቴይነሩ ጋር አገናኘው። ውጤቱን የሚጽፍበት ሌላ ባዶ ፎልደር ስጠው።