የሠርግ ቪዲዮ ለዓርብ ቀጥሬ ግራፊክስ ካርዱ ዛሬ ተቃጠለብኝ፤ ከሦስቱ የትኛውን ልግዛ?

ፎቶ ቤት ቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት መብራት ሄዶ እንደተመለሰ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴና በሐምራዊ መስመሮች ተሞላ፤ ጥቂት ቆይቶም ጭራሹን ጨለመ። የተገጠመለት ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያቀነባብረው) ጂቲኤክስ 660 ባለ 2 ጊጋባይት ነው። ኬዙን ከፍቼ ሳየው ለካርዱ ኃይል የሚያደርሰው ገመድ ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩም ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር ተጣብቋል። የጥር ሠርግ እያቀናበርኩ ስለሆነ ሙሽሮቹ ዓርብ ይመጡብኛል። መርካቶ ያለ አንድ ነጋዴ ያገለገሉ ሦስት ካርዶች እንዳሉት ነግሮኝ ፎቷቸውን ልኮልኛል፤ እነሱም ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 (የቆየ የሜሞሪ ዓይነት)፣ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጊጋባይት እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት ናቸው። ልቤ ያዘነበለው ወደ ሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም አዲስ ከመሆኑ በላይ የእኔ ሞኒተር የሚቀበለው ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ አለው። ከዚህ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ስለሚበላ ነገ ከመውጣቴ በፊት ሐሳባችሁን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

የካራው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ካርዱን ነቅለህ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርገህ መልሰህ ክተተው። እኔ ቤት ሁለት ጊዜ ሠርቷል።

ሰሚት ጥገና፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን ላጲሱ ነጭ ይሁን፤ ካሸህ በኋላም ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረገው።

ፎቶ ቤት ቱሉ ዲምቱ፦
እኅት ነኝ። ላጲሱን ሞክሬዋለሁ፤ የቀለጠ ገመድን ግን ላጲስ ይመልሰዋል ብዬ አላምንም።

የካራው ልጅ፦
ይቅርታ እኅቴ። እንግዲያው በአልኮል ሞክሪው።

መምህር ነበርኩ፦
ካርዶችን በጊጋባይት ብዛት ማወዳደር የቤትን ስፋት በበሩ ቁጥር እንደ መለካት ነው። ሜሞሪው ምን ያህል ይይዛል ከሚለው በፊት በሰከንድ ምን ያህል ያመላልሳል የሚለው መጠየቅ አለበት። ጂቲ 730 በአንድ ስም የተሸጡ የተለያዩ ካርዶች መጠሪያ ሲሆን፣ የመረጃ መንገዱ ጠባብ የሆነው ባለ 64 ቢቱ ዲዲአር3 በሰከንድ የሚያመላልሰው 14.4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በላዩ የተጻፈው 4 ጊጋባይት ለዓይን እንጂ ለሥራ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 750 ቲአይ 86.4፣ በ2016 የወጣው 1050 ቲአይ 112፣ የተቃጠለብሽ የ2012ቱ 660 ደግሞ 144 ጊጋባይት ያህል ያመላልሳሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ 660 ከሁሉም ይበልጣል ብሎ እንዳይደመድም አደራ እላለሁ። የኮሮቹን (ስሌቱን የሚሠሩትን ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር ብናይ 660 ባለ 960፣ 750 ቲአይ ባለ 640፣ 1050 ቲአይ ባለ 768 ነው፤ ይሁንና የኬፕለር ትውልድ (የ660) ኮርና የማክስዌል (የ750 ቲአይ) ወይም የፓስካል (የ1050 ቲአይ) ኮር በሥራ እኩል ስላልሆኑ ቁጥር ለቁጥር አይነጻጸሩም። በተግባር 1050 ቲአይ ከ660 ይቀድማል፣ 750 ቲአይ ግን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በፍጆታ በኩል 660 እስከ 140 ዋት ሲወስድ ለ750 ቲአይ 60፣ ለ1050 ቲአይ 75 ዋት ይበቃል፤ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ራሱ 75 ዋት ስለሚሰጥ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቁም። ለመሆኑ ኮምፒውተርሽ ምን ዓይነት ነው? ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩስ ስንት ዋት ነው? ይህን ሳትነግሪን ካርድ ምረጡልኝ ማለት የእግርን ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ ግዙልኝ እንደ ማለት ነው።

ፎቶ ቤት ቱሉ ዲምቱ፦
ከቢሮ የወጣ የዴል ኮምፒውተር፣ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ረጅሙ ኬዝ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 275 ዋት ይላል። ፕሮሰሰሩ አይ5 3470 ነው። ለካርዱ የሚሆን ገመድ ስላልነበረው የገጠመልኝ ልጅ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን በሚለውጥ ቅጥያ ነው የቀጠለው።

ሰሚት ጥገና፦
መልሱ እዚያው ነበር። የሃርድ ዲስኩ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚሸከመው 54 ዋት ሲሆን ባለ 6 ፒኑ እስከ 75 ዋት ሊስብበት ይችላል፤ ስለዚህ ካርዱ በሠራ ቁጥር ገመዱ ሲጠበስ ኖሯል። መብራቱ መሄዱ ሰበብ ሆነ እንጂ ገመዱ መቅለጡ አይቀርም ነበር። ያን ቅጥያ ለማንም አትስጪው፣ ጣይው።

አያት ዞን 2፦
እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን አልተቀበልኩትም። ዓርብ ማስረከብ ያለባት ሰው ነገ ግማሽ ቀን መርካቶ ምን ትሠራለች? አይ5 3470 በውስጡ የራሱ ግራፊክስ አለው፤ ቪዲዮ የሚጨምቀው የኢንቴል ኩይክ ሲንክም አብሮት ነው። የተቃጠለው ካርድ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ማሽኑ የራሱን ግራፊክስ ስለሚዘጋው ካርዱን ፈጽመሽ አውጪውና የሞኒተሩን ገመድ ከኋላ በማዘርቦርዱ የቪጂኤ መሰኪያ ላይ ሰኪው። ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል።

መምህር ነበርኩ፦
የቀለም ማስተካከያና የቪዲዮ ማሸጋገሪያ የበዛበት ሠርግ በዚያ ግራፊክስ ቢሠራ ሙሽሮቹ የልጃቸው ክርስትና ላይ ነው የሚረከቡት።

አያት ዞን 2፦
ጨለማ ስክሪን ከያዘ 1050 ቲአይ የሚንቀራፈፍ ኢንቴል ይሻላል።

ብየዳ፦
ማንም ልብ ያላለው ነገር አለ። እኅታችን 1050 ቲአይን የመረጠችው ሰማያዊ ቪጂኤ ስላለው ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያው ምክንያት አልነካውም። የፓስካል ቺፖች በቪጂኤ የሚሄደውን የድሮ ዓይነት (አናሎግ) ምስል አያወጡም፤ ስለዚህ እውነተኛ 1050 ቲአይ ላይ የቪጂኤ መሰኪያ ሊያስደነግጥሽ ይገባል። በሌላው የሞኒተር መሰኪያ፣ በነጩ ዲቪአይ፣ ጠፍጣፋ ጥርስ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉም ያው የአናሎግ ምልክት ነው። ገበያ ላይ 1050 ቲአይ ተብለው የተሸጡ፣ ውስጣቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 የሆነ ባለ 192 ኮር ካርዶች አሉ፤ ባዮሳቸው (የካርዱን ማንነት የሚናገረው ውስጣዊ ፕሮግራም) ተቀይሮ ዊንዶውስ ራሱ 1050 ቲአይ ብሎ ያነባቸዋል። ዕድሜውን ቀንሶ ለታዳጊዎች ቡድን የተመዘገበ ተጫዋች ማለት ናቸው፤ ሜዳ ሲገባ ጉልበቱ ያጋልጠዋል። ነጋዴው ራሱ ተታሎ ሊሆን ስለሚችል አልፈርድበትም። የካርዱን ማንነት የምታሳየውን ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ውስጥ ክፈቻት፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ቅጂዎቿ ሐሰተኛውን ለይተው ያስጠነቅቃሉ። 768 ኮርና ጂፒ107 የሚል የቺፕ ስም ካላየሽ ተመለሺ።

750 ቲአይ ላይ ግን ቪጂኤ መኖሩ የተለመደ ነው። ፕሮሰሰሩ 77 ዋት፣ እሱ 60 ዋት ነው፤ ሲደመሩ 137፣ ለ275 ዋቱ ሰፊ ቦታ ይተዋሉ። እኔ ብሆን እሱን እገዛለሁ፤ እሱንም ቢሆን በጂፒዩ-ዚ አይቼ።

የካራው ልጅ፦
እውነተኛ 1050 ቲአይ ብታገኝ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ መሰኪያ አይበቃትም?

ብየዳ፦
ይበቃታል። መጀመሪያ እውነተኛው ይገኝ።

ፎቶ ቤት ቱሉ ዲምቱ፦
ካርዱን አውጥቼ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት፤ ምስሉ መጣ፣ ፋይሉም ሳይነካ አለ። ቅድመ እይታውን ወደ ሩብ ጥራት ዝቅ ሳደርገው የመጀመሪያው ሰዓት ቪዲዮ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይሄድልኛል። ነጋዴው የላከልኝን የ1050 ቲአይ ፎቶ አሳድጌ ሳየው አራቱ ቀዳዳዎች አሉ። ነጋዴውን ደውዬ ጂፒዩ-ዚ እንዲከፍትልኝ ስጠይቀው «እኛ ዋስትና አንሰጥም» አለኝ። ነገ 750 ቲአዩን አይቼ እነግራችኋለሁ።

መምህር ነበርኩ፦
የምትጠቀሚበት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ከሆነ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? አዲስ ከሆነ 2 ጊጋባይቱ ሊጠብብሽ ይችላል።

ሰሚት ጥገና፦
እኅታችን፣ ዓርብ አለፈ እኮ። ካርዱ ምን ሆነ?

የካራው ልጅ፦
የተቃጠለው 660 ማራገቢያው ደህና ከሆነና የማትፈልጊው ከሆነ እኔ እወስደዋለሁ፤ የእኔ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ይንጫጫል።