ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባይፓፕ፦ ማስኩ ያፈሳል፣ ደም ግፊቱ ይወርዳል

ጠያቂ (የአይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ)
ሰላም ባልደረቦች። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቲዩብ (የመተንፈሻ ቱቦ) የወጣላቸው ታካሚዎች ባይፓፕ (በማስክ አየር እየገፋ መተንፈስን የሚያግዝ ማሽን) ሲደረግላቸው ማስኩ አየር ያፈሳል። ማሰሪያውን ሲያጠብቁት ደግሞ በነጋታው የአፍንጫ አጥንታቸው ላይ ያለው ቆዳ ይላጣል። በጀመሩ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደም ግፊታቸው የሚወርድም አሉ። በስንት ይጀመር? መጀመሪያስ ምን ይታይ?

መልስ 1
እህቴ፣ ማሰሪያውን አታጥብቂው፤ ሥሩ ሁለት ጣት መግባት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ማስኩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ትንሽ ሊክ (የአየር ማፍሰስ) ማሽኑ ራሱ ያካክሳል፤ መታረም ያለበት ወደ ዓይን የሚነፍሰው ነው። ሃይድሮኮሎይዱ (ቆዳ የሚከላከለው ተለጣፊ) የሚለጠፈው ማስኩ ከመደረጉ በፊት እንጂ ቆዳው ከቀላ በኋላ አይደለም።

ባለ አንድ ቱቦ ማሽን ከሆነ የትንፋሽ መውጫውን ቀዳዳ እይው። ማስኩ ላይም ቱቦው ላይም ቀዳዳ ከሌለ፣ ወይም በፕላስተር ከተደፈነ፣ ታካሚው ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስባል። ሳቹሬሽኑ (የደም ኦክስጅን መጠኑ) 96 ፐርሰንት ሆኖ እያየሽው ድብታ ውስጥ ይገባል።

መልስ 2
የማሽኑ ግፊት ላይኛው (ሲስብ) 8፣ ታችኛው (ሲያስወጣ) 4 ሴንቲ ሜትር ውሃ ተብሎ ይጀመራል። አልጋው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማስኩን በእጅ ይዞ ማለማመድ ነው፣ ማሰሪያው ከዚያ በኋላ። ላይኛውን በ2 በ2 እየጨመሩ በአንድ ትንፋሽ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር በኪሎ (በቁመት በሚሰላው ክብደት) እስኪደርስ። ከ20 በላይ አየሩ ጨጓራ ይገባል፣ ትውከት ይመጣል። ኤቢጂ (የደም ወሳጅ ጋዝ ምርመራ) በ1 ሰዓት ይደገም፤ ትንፋሹ በደቂቃ ከ35 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ወይም ፒኤች (የደም አሲድነት መለኪያ) ከ7.25 በታች ከሆነ ቲዩቡን መልሶ ማስገባት ማዘግየት አደጋ ነው።

ሕመሙ ሳይታገስለት በደንብ የሚተነፍስ የለም። ማስታገሻ ይሰጠው፣ ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ ይቀፍ።

መልስ 3
ስለ ደም ግፊቱ መውረድ፦ ማሽኑ ደረት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ፈሳሽ የጎደለበት ሰው ላይ ይህ ቶሎ ይታያል። ግን «ከባይፓፑ ነው» ብለሽ አትለፊው። ድሬኑ (ከደረት ደም የሚያወጣው ቱቦ) ይፈስ ነበር ድንገት ቆመ? ሲቪፒ (ወደ ልብ የሚገባው የደም መልስ ግፊት) ወጣ? ሽንት ቀነሰ? ታምፖናድ (ልብ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ ልብን መጫኑ) ነው ብለሽ ተነሺ፤ የማሽኑን ግፊት ቀንሺ፣ ቀዶ ሐኪሙን ጥሪ፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይምጣ። በአንድ ወገን የትንፋሽ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ኒሞቶራክስ (ሳንባ ዙሪያ አየር መግባት) ይታሰብ።

መልስ 4
ቆዳው አልችል ካለ ሃይ ፍሎው (በአፍንጫ ቱቦ በከፍተኛ ፍሰት የሚሰጥ ኦክስጅን) አማራጭ ነው። በ2015 በፈረንሳይ በ830 ታካሚዎች ላይ የወጣው ጥናት፣ 50 ሊትር በደቂቃ ከባይፓፕ እንደማያንስ፣ ቆዳም ያነሰ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ችግሩ ኦክስጅኑ ነው፤ በ50 ፐርሰንት ሲሠራ በደቂቃ 18 ሊትር ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይበላል። 7,000 ሊትር የያዘ ሲሊንደር ከ6 ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ሌሊት ተረኛ ከመውጣቱ በፊት ጌጁን ይይ።