አደይ አበባዬ ዘንድሮ አልወጣችም፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። አጥሬ ሥር አደይ አበባ ነበረችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይዘራት ዘሯ እየረገፈ፣ ክረምት ሲገባ ራሷ እየበቀለች፣ ለእንቁጣጣሽ ግቢውን ቢጫ ታደርገው ነበር። ልጆቼ አበባ የሚቀጥፉት ከዚያ ነው።

አምና ግን ጥቅምት ላይ ጠወለገች ብዬ ዘሩ ሳይደርቅ ነቅዬ ጣልኳት። ጥር ላይ ደግሞ መሬቱን በደንብ ቆፍሬ ፍግ ጨመርኩበት። አሁን ሐምሌ ገብቷል፤ የሚታየኝ ሙጃ ብቻ ነው።

ዘሩ ጠልቆ ተቀብሮ ይሆን? ወይስ ቶሎ በመንቀሌ ጭራሽ አልረገፈም? ሰኔ ላይ አርሜ ነበር፤ ቡቃያዋን ከአረም ጋር ነቅያት እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ገና ትንሽ ሳለች በምን ትለያለች? ዘር ባገኝ ዛሬ ብበትነው ለመስከረም ይደርስልኛል? እባካችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያላችሁ ንገሩኝ።